የመምህር እንድርያስ አምስት ደቂቃ

እንድርያስ ሬዲዮ የሚሰማው ጠብ እንደሚፈልግ ሰው ነው። ማለዳ ፈረንሳይ ሠፈር ከሚገኘው ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ ትንሿን ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ያዳምጣል። ጎረቤቶቹ የሰማው ሁሉ እንደማይጥመው ያውቃሉ። ሰው ጠፈር ላይ ወጣ ሲባል ይናደዳል፣ የሆነ አገር ምርጫ ተካሄደ ሲባል ይናደዳል፣ አዲስ ስልክ ተሠራ ሲባልም ይናደዳል። "እኛስ?" ነው ነገሩ ሁሉ። እሑድ ደግሞ ሾላ ገበያ ይወርድና ታክሲ ተራው አጠገብ ጋዜጣ ከሚያከራየው ከጀይላን ዘንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሬዲዮኑ ያጎደለበትን ንዴት ከጋዜጣው ይሞላል።

አባቱ ዕድሜያቸውን በእንጦጦ ራጉኤል ያገለገሉ ካህን ነበሩ። ልጃቸው ድቁናውን ትቶ ኮተቤ ኮሌጅ ገብቶ ፊዚክስ ሲማር፣ "የእግዜርን ሥራ ልትለካ?" ብለው አዘኑ እንጂ አልከለከሉትም። እሱም ተመርቆ በእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠረ፤ እዚያው አገባ፣ እዚያው ሸበተ። እንድርያስ ጠመኔ ከያዘ ከኋላ ወንበር ያለ ልጅ እንኳ አያንቀላፋም ይባልለት ነበር። እውነትም ነበር።

ከዚያ ፕላዝማ መጣ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሣጥን ተቆልፎ ተሰቀለ፤ ትምህርቱ ከአንድ ቦታ በሳተላይት ለአገሩ ሁሉ ይለቀቅ ጀመር። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። ጥያቄ ይጠይቅና መልስ የሚሰጠው ሰው ይኑር አይኑር ሳያውቅ፣ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ያልፋል። ልጆቹ አንዱን መስመር ገልብጠው ሳይጨርሱ ሥዕሉ ይጠፋል። ለክፍሉ መምህር የተተወችለት ከመጀመሪያው ላይ ለመግቢያ አምስት ደቂቃ፣ ከመጨረሻው ላይ ደግሞ ለማጠቃለያ የምትሆን ቅንጣቢ ነበረች።

"ዘበኛ ሆንኩ እኮ" አለው እንድርያስ ለኬሚስትሪ መምህሩ ለባፈና። "ቁልፍ ይዤ እገባለሁ፣ ሣጥን እከፍታለሁ፣ ሣጥን ዘግቼ እወጣለሁ።"

"ደመወዝህን እስከሰጡህ ድረስ ምን ቸገረህ? ጉሮሮህ አረፈ" አለው ባፈና።

ጉሮሮው ማረፍ አልፈለገም። ስለዚህ አምስቷን ደቂቃ የራሱ አደረጋት። ማለዳ የሰማውን ዜና ይዞ ይገባና የራሱን አስተያየት ያክልበታል። በ2001 ዓ.ም. መስከረም ትምህርት ሲከፈት፣ ጄኔቭ ላይ ከምድር ሥር የተሠራው ማሽን ዓለምን ሊውጣት ነው የሚል ወሬ ሠፈሩን አዳርሶ፣ አሮጊቶቹ "ስምንተኛው ሺህ ደረሰ" እያሉ ነበር። እንድርያስ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች እንዲህ አላቸው፦ "አትፍሩ፣ ማሽኑ ገና ከመጀመሩ ተበላሽቷል። ዓለም ለጊዜው አትጠፋም፣ የቤት ሥራችሁን ሥሩ። እኔን የሚገርመኝ ሰዎቹ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ ቆፍረው የማትታይ ቅንጣት ሲፈልጉ፣ እኛ የፈረንሳይ ሠፈርን ቦይ ቆፍረን መክደን አለመቻላችን ነው።" ልጆቹ ሳቁ። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ አሜሪካኖች ጥቁር ሰው መረጡ። "ይህስ ይሁን" አለ፣ "እኔ የወደድኩት የተሸነፈው ሰውዬ በዚያው ሌሊት ወጥቶ እንኳን ደስ ያለህ ማለቱን ነው።" ከዚህ በላይ አልተናገረም። ከሦስት ዓመት በፊት በእኛ አገር ምርጫ የሆነውን የሚያስታውሱ ልጆች ግን እርስ በርስ ተያዩ።

ከፊት የምትቀመጠው ዶርቃ የምትባል የወንጌላዊ ልጅ ገና ከበር ሲገባ "ቲቸር፣ ዛሬስ ምን ተሰማ?" ትለዋለች። ይህችን ጥያቄ ለመስማት ሲል ያን ሁሉ ዳገት ሳይታክተው ይወጣል። በዓለም ላይ መምህር የሚባልባት ቦታ እሷ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበረች።

በራሱ አፍ አጠፋት።

ኅዳር ሲያልቅ ግምገማ ተጠራ። ግምገማ መምህራን በየተራ ተነሥተው አስቀድመው ራሳቸውን፣ ቀጥለው ጓደኞቻቸውን የሚያሙበት ስብሰባ ነው፤ በስብሰባው ቋንቋ ግን ሐሜት አይባልም፣ ሂስ ይባላል። ድክመት የለኝም ያለ ሰው ትልቁ ድክመተኛ ስለሆነ፣ ብልህ ሰው አነስ ያለች፣ የማትጎዳ ጥፋት ከቤቱ አዘጋጅቶ ይመጣል። ባፈና በየዓመቱ ያችኑ "ሰዓት አለማክበር" ያቀርብና ይቀመጣል። እንድርያስ ግን ይህን ናቀ። ጥፋት አስመስሎ ጉራውን ሊያቀርብ አማረው።

"የእኔ ድክመት" አለ ተነሥቶ፣ "ለተማሪዎቼ ካለኝ ፍቅር የተነሣ ለመግቢያ የተሰጠኝን አምስት ደቂቃ የዓለምን ዜና አወራበታለሁ። በሳይንሱም፣ በፖለቲካውም፣ በቴክኖሎጂውም የሚሰማኝን እነግራቸዋለሁ።"

"ይህማ ጥንካሬ እንጂ ድክመት አይደለም" የሚል ሰው እየጠበቀ ተቀመጠ። ባፈና ጫማውን ያይ ጀመር።

ስብሰባውን የሚመራው ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ፉፋ ነበር፤ በዕድሜ ከእንድርያስ በብዙ ያንሳል። "ፖለቲካውም አሉኝ፣ ጋሽ እንድርያስ?"

"ዜና ነው። በሬዲዮ የተባለ።"

"በየትኛው ሬዲዮ?"

እንድርያስ መልስ ነበረው፤ መልሱ ግን፣ ከውጭ አገር የሚተላለፍ ጣቢያ ነውና፣ በዚያ ክፍል የሚነገር አልነበረም። አቶ ፉፋም አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር። "ግለ ሂስዎ የሚያስመሰግን ነው" አለ በትሕትና። "እንግዲህ ድክመቱን ራስዎ ስላመኑት፣ ከሰኞ ጀምሮ መግቢያው ከመምህሩ መምሪያ ይነበባል። ዜናው ይቅር። የሚቃወም አለ?" አልነበረም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ባፈና ከግቢው በር ላይ ጠብቆ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሰዓት አላከብርም ብትል ምን ትሆን ነበር?" አለው። እንድርያስ ጥሎት ቁልቁለቱን ወረደ። የተናደደው በፉፋ ነው፣ በባፈና ዝምታም ነው፣ ከሁሉ የበለጠ ግን ምስጋና ፍለጋ በተቁለጨለጨው በራሱ ዓይን ነበር።

ሰኞ ዶርቃ እንደ ልማዷ ጠየቀች። "ዛሬ ዜና የለም" አላትና መምሪያውን አነበበ። ማክሰኞም አነበበ። ረቡዕ መጠየቋን ተወች።

ሐሙስ የፕላዝማው መምህር አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። ቀድሞ መብራት ሲጠፋ ለእንድርያስ በዓል ነበር፣ ዜናው ይረዝማል፣ ጨዋታው ይደራል። አሁን ያ ተከልክሏል። የልጆቹ ሁሉ ዓይን እሱ ላይ አረፈ።

"ቲቸር" አለች ዶርቃ፣ "ስለ ተዳፋቱ የተማርነው አንዱም አልገባንም። እርስዎ ያስረዱን።"

ፕላዝማው ከመጣ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ለሰሚው ሁሉ ሲያማርር የኖረው ለዚህች ቃል አልነበረም? ከመሳቢያ ስባሪ ጠመኔ ፈልጎ አወጣ። በመስኮቱ እንጨት የተሸከመች ሴት ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሃል ስትወርድ ትታይ ነበር። "ያችን ሴት እዩ" አለ። "ቁልቁል የሚጎትታት ምንድን ነው? የሚይዛትስ?" ድምፁ ተመለሰለት። ልጆቹ ወደ መስኮቱ ተንጠራሩ፣ መለሱ፣ ተከራከሩ። አምስት ደቂቃ ያህል እንደ ድሮው እንድርያስ ሆነ።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ተዳፋቱን ሣለ፣ ሸክሙን ሣለ፣ ክብደቱን በቀስት አወረደና ለሁለት ከፈለው።

"ይሄ ቀስቱ ዘንድ ያለው ማዕዘን ከተዳፋቱ ግርጌ ካለው ጋር እኩል የሆነው ለምንድን ነው?" አለች ዶርቃ።

ድሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመልሳት ጥያቄ ነበረች። አንድ መስመር ጨመረ። ማዕዘኑ ሌላ ጥግ ላይ ወጣበት። በመዳፉ አጠፋና እንደገና ሣለ፤ ይኸኛው ደግሞ ጨርሶ የተዳፋት መልክ አልነበረውም። እኩል መሆኑን ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን ከአእምሮው ጠፋ። በአራት ዓመት ውስጥ ሬዲዮኑን ያልከፈተበት ቀን አልነበረም፣ የፊዚክስ መጽሐፉን ግን አንዴም አልገለጠም። አንደበቱ ወደ ለመደው ሸሸ፤ ስለ ጄኔቩ ማሽን አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ፉፋ ትዝ ብሎት ዘጋው። ልጆቹ ቢስቁበት ይቀለው ነበር። አልሳቁም፣ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ይጠብቁታል። ሦስተኛውን ሥዕል ጀመረ።

መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ ከመሃል ጀምሮ ጮኸ።

"እፎይ" አለ እንድርያስ። ሊያወጣው አላሰበም ነበር፤ ወጣ። ከፊት ያለችው ዶርቃ ሰማችው። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞራ መገልበጥ ጀመረች።