ሥዕሉ ውስጥ የቆመው እንግዳ

ጋሼ የምንላቸው አጎቴ ሮውሌት ከተማ ባለው ቤታችን ሳሉ፣ ጎረቤት አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ከጋራዥ ሴል ትልቅ ሥዕል ገዙ። የጥንት ግብፅ ቤተ መቅደስ ነው፤ ሠዓሊው ከግዙፎቹ ዓምዶች ሥር ጥፍር የሚያክል ሰው አቁሟል። ጋሼ ከታክሲ ሥራ ገብተው የጥሪ መቀበያ ፔጀራቸውን ከሰሃኑ አጠገብ ካስቀመጡ በኋላ፣ ሳይጎርሱ ወደ ሥዕሉ ዞረው «እንብላ!» ይላሉ።

ልጄ ስትስቅ፣ «ሰው ቆሞ እያየ ዝም ተብሎ ይበላል እንዴ?» ይሏታል። ከዚያ ድምፃቸውን አቅጥነው በሰውየው ፈንታ «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» ብለው ይመልሳሉ።

የጋሼ ለቀስተኛ ተበትኖ ብቻችንን ራት የቀረብን ቀን ማንም እጁን አልሰነዘረም። ልጄ «ታዲያ ሰውየውን ማን ይጋብዘው?» አለች፤ ራሷው ዞራ «እንብላ» አለችው።

የጋሼ ወንበር ባዶ ነው። መልስ ጠበቅን።

ድምፄን አቅጥኜ «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። ልጄ ሳቀች፤ በላን።