ሦስት ጊዜ የሚለካው ሰው

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከመነሳቱ በፊት ሱሉልታ ውስጥ ከብት ሲለካ አየው ነበር። ካኪ ጋዋን ይለብሳል፤ ቁልፎቹን አንድ ሰው በቀይ ክር አጠንክሮ ሰፍቶለታል። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ለዘር የሚመረጡ ጊደሮችን የደረት ዙሪያ ይለካል፤ ይጽፋል፤ ደብተሩን ይከድናል። ጊደሯ ግቢውን ዞራ ስትመለስ እንደገና ይለካታል። ሦስቴ እስኪሞላ ድረስ የቀደመውን ቁጥር አያይም።

ወርቅቱ የምትባል ባለከብት አንድ ቀን ስትቀልድበት ሰምቻለሁ።

"ኦቦ፣ ጊደሬ ግቢ ስትዞር ወፈረች እንዴ?"

"ሦስቴ ያው ቁጥር ከመጣ የጊደሯ ነው" አላት። "ካልመጣ የእጄ ስህተት ነው።"

ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ በር ላይ አገኘሁት። ትናንት አስፋልቱ ላይ ተኩስ ነበር፤ አብራው የምትኖረው ታናሽ እህቱ ወደ ቤት አልተመለሰችም። ነርሷ ወደ ኋላኛው ክፍል አስገብታ አንሶላ ገለጠችለት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም አየሁ። ተመልክቶ ወጣ፤ ግቢውን ዞረ፤ ተመለሰ።

"እሷ ናት፣ ኦቦ?" አለችው ነርሷ።

"ገና አንዴ ነው ያየሁት።"

አንሶላው እንደገና ተገለጠ። እንደገና ወጥቶ ግቢውን ዞረ።

ሦስተኛ ጊዜ አንሶላውን ራሱ ገለጠው። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሸፈናትና ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አያቸው።

"አልተሳሳትኩም" አለ።