ሞራው ያልሸተታቸው አባቴ

አባቴ ከዘመሮ ገበያ ቅቤ እየገዙ ዓለም ከተማ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ስንጥር ቅቤው ውስጥ ሰክተው ያወጡና አንዴ ያሸቱታል፤ የበግ ሞራ ከተቀላቀለበት ሻጯን ቀና ብለው ሳያዩ ያልፋሉ። በሳቸው አፍንጫ የማይምል ነጋዴ አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ከበቅሎ ወድቀው ማጅራታቸውን ከተመቱ በኋላ ግን ሞራ የበዛበት ቅቤ ይዘው መግባት ጀመሩ። ያውም ሦስት ገበያ በተከታታይ፣ ያውም ከአንዲት ፈት ሴት። እናቴ ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለጋትም። ወሬው የአንድ ለአምስት ስብሰባዋ ድረስ ዘልቆ ነበር።

"አልሸተተኝም" ይላሉ አባቴ። ዐይን ሲጠፋ፣ ጆሮ ሲደነቁር እናውቃለን፤ ጉንፋን የሌለበት አፍንጫ ሳይሸተው ሲቀር ማን ሰምቶ ያውቃል? ከአዲስ አበባ ለእረፍት መጥቼ ስለነበር ገበያ ድረስ በርቀት ተከተልኳቸው። ሴትዮዋን ስንቴ እንዳዩዋት ሳይቀር ቆጥሬያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሊምሉ ቢነሱ እናቴ "ለሴት ብሎ የማይምል ወንድ የለም" ብላ ከለከለች። ለጥምቀት ሽማግሌ ተቀምጦ ሊያለያያቸው ተቀጠረ።

ነርስነት እማር ስለነበር፣ ሽታ በአንጎል ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በምስል የሚያጠኑ ሐኪሞች አዲስ አበባ መኖራቸውን ሰምቼ ነበር። አባቴን ወሰድኳቸው። ለማነጻጸሪያ መጀመሪያ እኔ አንጎል የሚያነሳው መሣሪያ ውስጥ ተኛሁ፤ በቀጭን ቱቦ የሎሚ፣ ቀጥሎም የቅቤ ሽታ መጣልኝ። ስወጣ አንጎሌን ስክሪኑ ላይ እዚህም እዚያም እንደ ፍም ቀልቶ አየሁት። የአባቴ ግን አንድም ቦታ አልቀላም።

"ትንፋሻቸውን ይዘው ቢሆንስ?" አልኩ። አፈርኩ፤ ግን አልኩ።

ሐኪሙ ደረታቸው ላይ ታስሮ የነበረውን የትንፋሽ መለኪያ አሳየኝ። "በደንብ ይተነፍሱ ነበር። ሲወድቁ ከአፍንጫ ወደ አንጎል የሚያልፉት ክሮች ተበጥሰዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም አይሸታቸውም" አለኝ። አባቴ ከእስር የተፈቱ ያህል እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ።

አገር ቤት ስንገባ ምስሉን እናቴ ፊት ዘረጋሁትና ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ብዙ አየችው። አባቴ አጠገቧ ቆመው ፊቷ እስኪፈታ ይጠብቃሉ።

"እሺ፣ አምኛለሁ" አለች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ቀና ብላ አየቻቸው። "ታዲያ አንቱ ሰው፣ ዘንድሮ ለመስቀል ቅቤ ተቀብቼ 'መዓዛሽ ቤቱን አወደው' ያሉኝስ?"

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ያን ሁሉ ጊዜ እናቴን ተቆጥታ እንጂ አልቅሳ አላየኋትም፤ አሁን አለቀሰች።