ያልመጣው መርዶ

በእኛ ሰፈር ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ከሟቹ ቤተሰብ በፊት ጎረቤት ይሰማል፣ ዕድር ይሰማል፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ተጠርቶ ይመጣል። ሌሊቱን ሁሉም ያውቃል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። ያን ጊዜ መናገር እንኳ አያስፈልግም፤ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለሌላ ጉዳይ አይመጣም።

አባቴ ከአምቦ ወደ ጌዶ ለሥራ ሄዶ እዚያው የሞተ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። መርዶው በተነገረን ዋዜማ፣ በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን ያለ ምክንያት መጥታ እግሬን አጠበችኝ። ቀስ ብላ፣ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር። እንደዚያ ያለ ደግነት አይቼባት አላውቅም ነበር። በማግስቱ ነው የገባኝ፤ እያጠበችኝ ሳለ ታውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ማንበብ ለመድኩ። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም መጻፍ ስጀምር የሚያነቡልኝ ሰዎች «ዓይንህ ስል ነው» ይሉኝ ነበር። የሳለው ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ታላቅ ወንድሜ ከነቀምት ወዲያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ወደ ምዕራብ ስልክ የተቋረጠ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልደነገጥንም። በዚያ በኩል ዘመድ ያለው ሁሉ እንደኛው ነበር። ቆይቶ ግን የሌላው ሰው ስልክ መጥራት ጀመረ፤ የኛ ወንድም ስልክ አልጠራም። በደወልን ቁጥር ያቺ የተቀዳች ሴት ልናገኘው እንደማንችል በትሕትና ትነግረናለች። ከዚያ የሚመጡ ሾፌሮችን እንጠይቃለን። አንዱ «ደህና ናቸው» ይላል፤ ሌላው «እኔ በዚያ አላለፍኩም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሄዶ ለማየት ደግሞ መንገዱ የሚያስኬድ አልነበረም።

ሰፈሩ የተለወጠው በዚህ መካከል ነው።

ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ከስልጤ አገር የመጣ ነጋዴ ነው። እኔን ሳይተርብ ዕቃ ሸጦልኝ አያውቅም። «ገጣሚው መጣ! ዛሬም ሳሙናውን በግጥም ልትወስድ ነው?» ይለኛል። አንድ ቀን ግን ገና ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። «ሰላም ነህ ወንድሜ? እናትህስ በረታች?» አለና ሳሙናውን በሁለት እጁ ሰጠኝ። መልሴን ሳልቀበል መንገዱን ተሻግሬ ቤት ገባሁ።

ቀጥሎ ጎረቤታችን መጣች፤ ያቺው እግሬን ያጠበችኝ። ከእናቴ ጋር በጎርፍ መውረጃ ቦይ ተጣልተው ከተኳረፉ ቆይተዋል። ሽማግሌ ሳይገባ፣ ይቅርታ ሳይባል፣ እርጎ ይዛ ገባችና እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ቦዩ አንድም ቃል አላነሳችም። ከሳምንት በኋላ የዕድሩ ወጣቶች መጥተው ከበራችን ፊት ያለውን ጉድጓድ በጠጠር ሞሉት። ለዓመታት ስንለምን ያልተሞላ ጉድጓድ ነው። እኔ ያየሁት ጠጠሩን አይደለም፤ በላዩ የሚተከለውን ድንኳን ነው።

እናቴ መጠየቅ ተወች። ልብሷን ሳታወልቅ መተኛት ጀመረች። ገና ሳይነጋ ተነስታ ግቢውን ትጠርጋለች፤ አግዳሚ ወንበሮቹን አውጥታ በግድግዳው ሥር ትደረድራለች። በመጥረጊያው ድምፅ እነቃለሁ፤ ተኝቼ እግር አዳምጣለሁ። ማንም አይመጣም። ፀሐይ ስትወጣ ወንበሮቹን መልሳ ታስገባለች።

«ኔትወርክ ነው» እላታለሁ።

«አዎ፣ ኔትወርክ ነው» ትለኛለች።

እሷ እንዳወቀች አወቅኩ። ለእኔ ብላ እንደምትደብቀኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሚጸልየው ሽማግሌ እግዚአብሔር ያዘኑትን እንዲያጽናና ሲለምን ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን፤ ግን አልተያየንም።

ከዚያ አዳዳ መጣች። በእኛ ቤት የአባቴን እህት የምንጠራት በኦሮምኛው ነው፤ ከጌዶ ሳትነግረን በማለዳ መኪና ተሳፍራ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ቅቤ ይዛ ደረሰች። ቀኑን ሙሉ ስለ ከብት ዋጋና ስለ ዝናብ አወራች። እንዲህ ከሩቅ የተጠራ ዘመድ ሲደርስ መርዶው ለነገ ነው ማለት ነው። በማግስቱ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። መጠበቅ ስላቃተኝ ወደ ጓሮ ተከትያት ወጣሁ።

«አዳዳ፣ ንገሪኝ። እችለዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የመጣሽበትን።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ያ ጉርባ! አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ አንተ እስክትነግረኝ ነው የምጠብቀው። ከትናንት ጀምሮ እንደ ሞኝ የከብት ዋጋ ሳወራ አልሰማህም?»

«ማን ምን አለሽ?»

«ወደናንተ የሚመላለሰው ሾፌር ነዋ። አምቦ ወንድምሽ ቤት ሐዘን ገብቷል አለኝ። የሰማውም ከናንተው ባለሱቅ ነው።»

ተያይዘን መንገዱን ተሻገርን። ባለሱቁ ሁለታችንን ሲያይ የኛን ሐዘን ሊካፈል ገና ራሱን ዝቅ ማድረግ ጀምሮ ነበር።

«ከማን ሰማህ?» አልኩት።

«ከማን ልስማ? ካንተ ነው እንጂ።»

«ከእኔ?»

«ራስህን ተላጭተህ መጣህ። ወንድሙ የጠፋበት ሰው ፀጉሩን ተላጭቶ ፊቴ ሲቆም ምን ልበል? መርዶው ደርሶታል፣ እናቱ እስክትበረታ ይዞታል አልኩ። ለጎረቤታችሁ ነገርኳት፤ እሷ ለዕድሩ ዳኛ።»

«ጭርት ይዞኝ እኮ ነው!»

ባለሱቁ ራሴን አየ። «ታዲያ ሰውዬ፣ ኮፍያ አታደርግም?»

አዳዳ በሻሿ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ።

ጭርቱን የሰጠኝ የፀጉር ቤቱ ማሽን ነው። ቅባት ለመቀባት እንዲመቸኝ ተላጨሁት፤ ረሳሁትም። እነሱ የኔን ራስ አይተው ተለወጡ፤ እኔ የነሱን መለወጥ አይቼ ከሳሁ፤ ክሳቴን አይተው እርግጠኛ ሆኑ። እርጎው፣ ጠጠሩ፣ በሁለት እጅ የተሰጠኝ ሳሙና፣ ሁሉም ከእኔው ወጥቶ ወደ እኔው የተመለሰ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሁሉካ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ነገሩን አንድ በአንድ አፈረስኩት። ሁሉም ሲፈርስ ወንድሜ አልተመለሰም። የቀረኝ አለማወቅ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ማረፊያ የለውም። እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ጊዜ ጠጠሩ ናፈቀኝ።

እናቴን ግን ማሳረፍ የምችል መሰለኝ። ማታ ከአዳዳ ጋር ሆነን ሁሉንም ነገርናት፤ ጭርቱን፣ ባለሱቁን፣ ሾፌሩን። ማንም ምንም አያውቅም አልናት።

እስከ መጨረሻው አዳመጠችን። «አባትህ የሞተ ቀንም ማንም ምንም አያውቅም ነበር» አለች።

ማልን። አዳዳ በልጆቿ ማለች። በማልን ቁጥር የእናቴ ፊት እየለዘበ፣ እኛን ወደ ማጽናናት እየሄደ መጣ። ሰው የሚወደውን ሰው ማልዶ እስኪያረዳው ድረስ አምርሮ እንደሚዋሽ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኛ እውነቱን የምንናገርበት ሌላ ድምፅ ደግሞ አልነበረንም። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ መጥረጊያው ተሰማኝ።

ስልኩ የጠራው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከማላውቀው ቁጥር። ወንድሜ ነበር። ስልኩ ጠፍቶበት፣ ኔትወርክ ያለበት ከተማ በእግርና በከብት መኪና ደርሶ፣ የአንድ ነጋዴ ስልክ ለምኖ ነው የደወለው። ሮጬ ለእናቴ ሰጠኋት።

«ሃርሜ፣ አይዞሽ» ሲላት እሰማለሁ። «ደህና ነኝ እናቴ። ምንም አልሆንኩም። አታስቢ።»

እናቴ ሰምታው ስልኩን መለሰችልኝ። «ደግ ልጅ ነው» አለችኝ። «ማን እንደሆነ ባላውቀውም እግዚአብሔር ይባርከው።»

«አላመነችህም» አልኩት። «ሊያጽናናት የደወለ ሰው ነው የመሰልካት።»

ስልኩን ከጆሮዬ እስካርቅ ድረስ ጮኸ። «ምን ማለት ነው? እኔ እዚህ በፀሐይ የሰው ስልክ ለምኜ እሷ ትመርቀኛለች? ጃኬቴንስ? ሰጥታዋለች አይደል! እኔ አውቃታለሁ፣ ሰው ሳይቀበር ልብሱን ነው የምታድለው!»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው። «አንተ ባለጌ! እናትህን ነው እንዲህ የምትናገረው? ጃኬትህን ማን ነካብህ?»

ከዚያ ከአግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እየሰደበችው አለቀሰች። ጃኬቱን ሰጥታው ነበር። መቼና ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ወንድሜ መንገዱ ሲከፈት መጣ፤ አሁን ቀረብ ብሎ ሸነን ያስተምራል። ጎረቤታችንና እናቴ ወር ሳይሞላ በቦዩ ተጣሉ፤ ሁለቱም ደስ ያላቸው ይመስላል። እኔ ግን አልዳንኩም። የወደድኳት ልጅ አንድ ምሽት ለስለስ ባለ ድምፅ «በላህ ወይ?» ስትለኝ ማን ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «አንተን በደግ ቃል ማናገር ያስፈራል» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ መደወል አቆመች፤ ያንንም ለብዙ ቀን ሌላ ነገር አድርጌ አነበብኩት።

ወንድሜ ሲደውል አስቀድሞ ይቆጣል። ጣሪያው አልተጠገነም፣ መድኃኒትሽን አልወሰድሽም፣ የላክሁት አልደረሰንም ትላላችሁ፤ እናቴ ትመልስለታለች፣ ቤቱ ይሞቃል። ባለፈው እሑድ ግን ደክሞት ነው መሰለኝ፣ የሚቆጣበት አላገኘም። «ሃርሜ፣ ናፍቀሽኛል» አላት።

ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝና በሹክሹክታ «ማል ታኤ? ምን ሆኖ ነው፣ ጠይቀው» አለችኝ።

ጠየቅኩት። «ምንም» አለ።

«ምንም አልሆነም» አልኳት። እናቴ ፊቴን ማየቷን አላቆመችም፤ እኔም ፊቴን እንዴት እንደማደርገው አላወቅኩም።