ያልተናገረ ሰው አለ?

የታሰርኩበት ቤት ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ የታጨቀ ጀንፈል ቡና የሚሸተው ያ ኮምጣጣ ሽታ። ቡናው ከተወሰደ ቆይቷል፤ ገለባው ግን ከወለሉ ስንጥቅ አልወጣም ነበር። ባላበን ቁጥር ጀርባችን ላይ ይለጠፋል። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ቡና የምጠላበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እዚያ ውስጥ ጠላሁት።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥግ ላይ ጆንያ አንጥፈው የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። እሳቸውም አወቁኝ።

"መምህር፣ አንተንም አመጡህ?" አሉ። "ያ ረቢ! እኔ ብቻዬን የምበቃቸው መስሎኝ ነበር።"

የሰርቦ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ እርጅና ሲመጣ ጅማ ሴት ልጃቸው ዘንድ ገብተው የቀበሌያችን ሰው ሆነዋል። ሁላችንም ሀጂ ነው የምንላቸው። የሁለታችንም ወንጀል አንድ ስብሰባ ነው።

የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በየቀበሌው ለውይይት የወረደ ጊዜ ነው። እኔ ታሪክ አስተምር ነበርና ሊቀመንበሩ፣ "መምህር፣ አገሮች እንዲህ ያለ ሰነድ እንዴት እንደሚያወጡ እስቲ ለሕዝቡ አብራራልን" አለኝ። ስለ ሶቪየት እንዳወራለት ነበር የፈለገው። እኔ ግን ክፍል ውስጥ የለመደኝን አወጣሁት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ንጉሥ ሊለዩ በቆረጡ ጊዜ አምስት ሰዎች መርጠው "መግለጫውን ጻፉ" እንዳሏቸው፣ አምስቱ ደግሞ ሥራውን ንግግር ለማይሆንለት፣ ብዕሩ ግን ለሰላለት አንድ ወጣት እንደጣሉበት፣ እሱም በአንድ ግንበኛ ቤት ፎቅ ተከራይቶ በበጋ ሙቀት እየነደደ እንደጻፈው ተናገርኩ። ጉባኤው ፊት ሲቀርብ ያን ሁሉ የደከመበትን ይቆራርጡት ጀመር። ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ሰማ። "ረቂቅ ማለት ይኸው ነው፤ ሰው ይሰርዝበታል" አልኩና ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንቀጽ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ሌላ ይነበባል። አንድም ሰው ሳይናገር አለቀ። ሊቀመንበሩም፣ "ሀጂ፣ በዱዓ ይዝጉልን" አላቸው።

በእኛ አገር ሽምግልና ነገር የሚዘጋው በምርቃት ነው። ሽማግሌው ግን ከመመረቁ በፊት፣ "ነምኒ ሂን ዱበኔ ጂራ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ያልተናገረ ሰው አለ? ማለት ነው። ካለ አይመረቅም፤ አንዴ አሚን ከተባለ በኋላ ነገሩን መልሶ ማንሳት ነውር ስለሆነ። ሀጂ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩትና እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ "ሂን ዱምኔ፤ አላለቀም። ማን ተናገረና?" ብለው ተቀመጡ።

እሳቸውን ያን ዕለት ወሰዷቸው። እኔን በማግስቱ።

መርማሪያችን ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ሻይ ያስቀርብልኝና፣ "ጻፍ" ይለኛል። የሆነውን እጽፋለሁ። በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል። "አይክፋህ፤ ረቂቅ ሰው ይሰርዝበታል ብለህ ያስተማርከው አንተ ነህ" ይልና ከልቡ ይስቃል። ሀጂ አድሃሪ ነጋዴዎችን አደራጅተው ስብሰባውን እንዳከሸፉ፣ እኔም የኢምፔሪያሊስቶች ቅጥረኛ ሆኜ ንግግሩን እንዳዘጋጀሁላቸው ነበር እንድጽፍ የሚፈልገው። እምቢ ስል እኔን አይነካኝም። ሀጂን ያስመጣና ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግራቸውን ሲገርፉ ያሳየኛል።

"የአንተ እግር ቆሞ ለማስተማር ያስፈልጋል" ይለኛል፣ ሻይዬ እንዳይቀዘቅዝ እያሳሰበ።

እንዲህ ያለ ጭካኔ ከየት እንደሚማሩት ዛሬም አይገባኝም። ሰውየውን ጠላሁት፤ አሁንም እጠላዋለሁ፤ ይህን ለማለት አላፍርም።

ሀጂን ወደ ክፍላችን ሲመልሷቸው የሚቀበላቸው አንድ ከምባቴ ነበር። ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ የተያዘ ጴንጤ ነው። ለመጠጥ ከተሰጠን ውሃ ቀንሶ እግራቸውን ያጥባል። ከእኛ አንድም ሰው ጠማኝ ብሎ አልተናገረውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እግራቸው እሱ ጭን ላይ እንዳለ ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ የዚያን የአሜሪካኑን ልጅ ጽሑፍ ምኑን ነው የሰረዙት?"

"ብዙውን፣ ሀጂ። ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን ሰው መሸጥን ያወገዘበት ነው። ባሪያ ያላቸው አልፈቅድ አሉና ወጣ።"

"እሱስ አልነበሩትም?"

"ነበሩት።"

ሀጂም፣ "የእናቴ እናት ሂርማታ ገበያ ላይ የተሸጠች ናት" አሉ። "እዚህ፣ እኛው ከተማ። እና አሜሪካኖቹ ባሮቹን ጠየቋቸው?"

"አልጠየቋቸውም።"

"ኤዬ። እንግዲያ ሳያልቅ ነው የመረቁት።"

በመጨረሻ መርማሪው እኔን መጠበቅ ሰለቸውና ኑዛዜዬን ራሱ ጻፈው። "ሕዝቡ ፊት ታነበዋለህ፤ ሽማግሌው ይመርቁታል። ያኔ ሁለታችሁም ከሰዓት በኋላ ቤታችሁ ናችሁ" አለኝ። "አለዚያ ሌላ ዙር ነው። ሌላ ዙር እንደማይችሉ ደግሞ አይተሃል።" አይቻለሁ፤ ቁስሉ ጠቁሮ መሽተት ጀምሮ ነበር።

ለሀጂ ነገርኳቸው። እኔ ቤቴ መግባት እፈልግ ነበር። እሳቸውም ሰርቦ ሄደው ከቡናቸው ሥር ሊቀመጡ ይመኙ ነበር፤ ሌት ተቀን የሚያወሩት እሱን ነው።

"አንብበው" አሉኝ። "ማንበብ መስማማት አይደለም።"

"ዱዓውስ?"

"ዱዓ ወግ አለው" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጠዋት ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው የቡና ማስጫ ላይ እስረኛውንና የቀበሌውን ሰው ሰበሰቡ። ሀጂን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሴት ልጃቸው ሕዝቡ መካከል ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች። አነበብኩ። ድምፄ እንዳይሰበር ስለምጠነቀቅ ምን እንዳነበብኩ ራሴም አልሰማሁትም።

"እንግዲህ ሀጂ፣ በአገራችሁ ወግ መሠረት ይዝጉልን" አለ መርማሪው። ወግ የሚባለው ነገር እጅ ዘርግቶ አሚን ማለት ብቻ መስሎት ነበር። አገሬውን አላወቀውም።

ሀጂ እጃቸውን አነሱ። ሕዝቡም አነሳ። ከዚያ እንደ ወጉ ጠየቁ።

"ነምኒ ሂን ዱበኔ ጂራ?" ቀጥለው ወደ እኛ ዞረው፣ "ያልተናገረ ሰው አለ?" አሉ።

ከዚያ ከእስረኞቹ መካከል ያ ከምባቴ፣ ለዱዓ እጁን አንስቶ የማያውቀው ሰው፣ ብድግ አለ።

"እኔ አልተናገርኩም።"

"እኔም አልተናገርኩም" አለች አንዲት ሴት ከሕዝቡ መካከል። "እኔም።" "እኔም።" ሰው እጁን እያወረደ ሄደ።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። "እኔም አልተናገርኩም" አልኩ።

መርማሪው ያን ጊዜ ብቻ ድምፁን ከፍ አደረገ። "አሁን ያነበብከው ታዲያ ምንድን ነው?"

"እሱ የእርስዎ ነው፣ ጓድ። እኔ ገና ነኝ።"

ሀጂ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱ። "ሂን ዱምኔ" አሉ፤ ለመርማሪው ሳይሆን ለራሳቸው።

የከምባቴውን የፊት ጥርሶች እዚያው በሰደፍ አረገፏቸው። ሀጂን ከነወንበራቸው አንስተው ወሰዷቸው። ወደ ክፍላችን አልተመለሱም፤ ሬሳቸውም ለልጃቸው አልተሰጠም። እኔ የወጣሁት ሥርዓቱ ሲወድቅ ነው።

መርማሪው በተራው ታስሮ ተፈታ። ባለፈው ዓመት ሸምግሎ፣ በምርኩዝ፣ የሀጂን ቤተሰብ ይቅርታ ሊጠይቅ ሽማግሌ ልኮ አገራቸው ሰርቦ ድረስ መጣ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ተናገረ፤ አለቀሰም። ዕንባው የውሸት ነው አልልም። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ፣ ልባቸውም ራራ። ሊመርቁ ሲሉ ዋናው ሽማግሌ እንደ ወጉ ጠየቀ፦ ያልተናገረ ሰው አለ?

የሀጂ ሴት ልጅ ዛሬ እሷም አሮጊት ናት። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ተናገረች።

"አባቴ አልተናገረም። የት እንዳስቀመጣችሁት ንገረኝና ሄጄ ልጠይቀው።"

መርማሪው መሬት መሬት ያያል። ወይ አያውቀውም፣ ወይ ሊናገረው አልደፈረም። ጠበቅነው። ከዚያ ዋናው ሽማግሌ በትሩን አነሳ፣ እኛም ሳንመረቅ ተነስተን ወደየቤታችን ሄድን።