ከከበሮው ወደ ኪቦርዱ

አባቴ ሽሮ ሜዳ የሚሠራ ሸማኔ ነው፤ ጾሙንም ቅዳሴውንም አያስታጉልም። አማቴ ደግሞ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ኪቦርድ የሌለበት መዝሙር ጨው እንደሌለው ወጥ ይሆንባቸዋል። እኔ ልጃቸውን ሳገባ ወደ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ዝም አለ እንጂ። የእሱ ዝምታ ከቁጣው ይብሳል።

ባለፈው ፋሲካ እኛ ቤት ተጠርቶ መጣ። አማቴ የሚወዱት መዝሙር ድንገት ከነጊታሩ ሲለቀቅ፣ አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ "በቃ፣ ደክሞኛል" ብሎ ምግቡን ሳይቀምስ ወጣ። ስለዚህ ለገና ስጠራው አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፦ ማዕዱ እስኪነሳ ድረስ እንዲቀመጥልኝ።

ባሌ "መዝሙሩን አጥፍተሽ አትገላገይም?" ብሎኝ ነበር። ገና ያለ መዝሙር ምኑን ገና ሆነ? ደግሞም ግትር ነኝ። ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ ሳይቀር ኢርፎኔን ሰክቼ የሁለቱን ወገን የገና መዝሙሮች ስልኬ ላይ በተርታ ማጋባት ያዝኩ። በከበሮና በጭብጨባ የሚያልቅ የአባቴ መዝሙር ሳገኝ፣ በጭብጨባ የሚጀምር የአማቴን አስከትልበታለሁ። በባቲ ቅኝት ያለውን ከባቲ፣ ዝግ ያለውን ዝግ ካለው። እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት የሆኑብኝን አፋታለሁ። ሽምግልና ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የገና ዕለት አባቴ ሲያስቀድስ አድሮ መጣ። ከበሮው አልቆ ኪቦርዱ ሲገባ ሰርቄ አየሁት። እየበላ ነው። እግሩ የሽመናው መርገጫ ላይ ያለ ይመስል ከጠረጴዛው ሥር መሬቱን ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። አማቴ አጎረሱት፤ ጎረሰ። ተመስገን አልኩ።

መሃል ላይ ግን ለማረፊያ ብዬ አንድ የበገና መዝሙር አስገብቼ ነበር። የእሱ ወገን ነው፣ ደስ ይለዋል ብዬ። በገናው ማጉረምረም ሲጀምር የአባቴ እጅ ዶሮ ወጡ ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ በገና እኮ የሁዳዴ ነው" አለ። "በፍስክ ቀን፣ ዶሮ እያበላሽ ንስሐ ልታስገቢኝ ነው?"

ባሌና አማቴ ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም።

"ሁዳዴ ሲገባ ራዲዮኑ ሥር በገና እየሰማሽ የምትተኚው አንቺ አልነበርሽም?"

"ነበርኩ።"

"ታዲያ ረሳሽው?"

ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። ፈርቶ ነው የጠየቀኝ። አባቴን ሲፈራ አይቼው አላውቅም። እኔ ኪቦርዱን የጠላ መስሎኝ ስደክም፣ እሱ ለካ የፈራው የእሱ ቤት ልጅ መሆኔን እንዳልረሳ ነው።

"አዎ፣ ረስቼው ነው አባዬ" አልኩት። መዋሸት አልቻልኩም።

አባቴ እንጀራውን ቆረሰ።

"በይ አሁን የሳቸውን መልሽው፣ ቅድም የሚያስጨበጭበውን። ይኼኛውን ሁዳዴ ሲገባ እኔ ቤት መጥተሽ ትሰሚዋለሽ።" ወደ አማቴ ዞሮ "እርስዎም ይምጡ" አላቸው። "ከሽሮ በቀር ግን የምናቀርበው የለም።"

አማቴን ቀድሜ እኔ "እሺ" አልኩ።