የአማቷን ስም የማትጠራው ምስክር

ከሆሳዕና ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እዚህ ሰው አገር ለአንድ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ተቋም አስተርጓሚ ነኝ። ሥራችን በአብዛኛው ስልክ ነው። ተይዞ የት እንደገባ ያልታወቀ ሰው ሲኖር ቤተሰቡን እንጠይቃለን፤ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ በምን መኪና። የወሳጁ ስም ከተገኘ ለመንግሥት ደብዳቤ ይጻፋል። ካልተገኘ መዝገቡ ባለበት ይቆማል። ሥራ ስጀምር ሁለት ነገር አጥብቀው ነግረውኛል፤ ለምስክር መልሱን አንቺ አታቀብዪ፣ የፈራችን ሴት አትጫኛት። እንደ ጸሎት ይዣቸዋለሁ።

በቅርቡ ከዱራሜ ወጣ ካለ ቀበሌ ባሏ የተወሰደባት ሴት በቪዲዮ አገኘናት። የመኪናውን ታርጋ ሳይቀር ነገረችኝ። የወሰደውን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ ስላት፣

«በደንብ አውቀዋለሁ። ስሙን ግን አልጠራም።»

«ግድ የለም እህቴ፣ ከፈራሽ እንለፈው።»

ሳቀች። «ማን ፈራ? ባሌን ወስዶ ከዚህ በላይ ምን ያደርገኛል? አንቺ አላገባሽም እንዴ?»

«አላገባሁም።»

«ለዚህ ነዋ። ስሙ እኮ የባሌ አባት ስም ነው። ምራት እንዴት አድርጋ ትጠራዋለች? ቆይ፣ ልጻፍልሽ።»

ጽፋ ወረቀቱን ወደ ካሜራው አስጠጋችልኝ። ስሙን ገለበጥኩ። ወዲያው አንድ የቆየ መዝገብ ትዝ አለኝ።

ምራት የአማቷን ስም አትጠራም የሚለውን ያገራችንን ልማድ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። እናቴ ጌታን ስታገኝ ስለተወችው፣ የድሮ ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር። ካሁኗ በፊት አንዲት የዚያው አካባቢ ሴት ልክ እንዲሁ «አልጠራውም» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ምስክሯ ፈርታለች» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። መዝገቧ በዚያው ቆመ። ያን ቀን እንዲያውም ስላላስጨነቅኳት ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና፣

«ያቺን የፊተኛዋን ለምን እንደማትጠራው አልጠየቅሻትም?»

«የፈራችን አትጫኑ ተብሏል ብዬ…»

«መጫን ሌላ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ሌላ።»

የፊተኛዋ ሴት መዝገብ እንደገና ተከፈተ። «ፈርታለች» የሚለውን ሰርዤ «አስተርጓሚዋ ምክንያቱን አልጠየቀችም» ብዬ አስገባሁ። ፈርታም ይሆናል፣ ምራት ሆናም ይሆናል፤ እስካሁን አላውቅም። በየጠዋቱ እደውልላታለሁ። ስልኳ ዝግ ነው።